ኤልደን ሪንግ፦ ለቡና ቢጠሩህም ፖዝ የለም

መጀመሪያ ልናገር፣ እኔ ፕሮ ምናምን አይደለሁም። ፊፋ ላይ ታናሽ ወንድሜ በየቀኑ የሚቀጠቅጠኝ ሰው ነኝ። ግን ሰይፍ ይዞ ሰፊ ዓለም ላይ መዞር፣ ዋሻ መግባት፣ ከጭራቅ ጋር መደባደብ ያለበት ጌም ካገኘሁ እንቅልፍ የለኝም፣ ስካይሪም ከሚባለው ጌም ጊዜ ጀምሮ እንደዛ ነኝ፣ እና ሰሞኑን ኤልደን ሪንግን (በፈረንጆቹ 2022 የወጣው፣ የፍሮም ሶፍትዌር ስራ) ለሁለተኛ ጊዜ ከዜሮ ስለጀመርኩት ስለ ፋይቱና ስለ ክብደቱ (ምን ያህል ከባድ እንደሆነ) ብቻ ልጽፍ ነው። ታሪኩን ተዉት፣ ታሪኩ ለኔም በደንብ አልገባኝም።

በመጀመሪያ የተጫወትኩት ፒያሳ አንድ ጌም ቤት ውስጥ ነው፣ ሰፈሩ ሳይፈርስ በፊት። አራት ቲቪ፣ ሶስቱ ላይ ፊፋ፣ አንዱ ላይ እኔ። ከመነሻው ዋሻ በሩን ከፍተህ ስትወጣ ሜዳው ይከፈታል፣ ሰማዩ፣ ያ ወርቅ የሚመስለው ትልቅ ዛፍ፣ በጣም ያምራል፣ ትንሽ ወረድ ስትል ደሞ በወርቅ የተለበጠ ፈረሰኛ ወዲህ ወዲያ ይላል። ትሪ ሴንቲነል ይሉታል። እኔ ምን ብዬ አሰብኩ መሰላችሁ፣ ጌሙ ፊቴ ላይ ካስቀመጠው መግደል አለብኝ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ሄድኩ፣ ሞትኩ። ሄድኩ፣ ሞትኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከፍዬ የሞትኩት በአንድ ሰውዬ ነው፣ ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ልጆች መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዛ አዘኑልኝ፣ በመጨረሻ አንዱ ትንሽዬ ልጅ "ወንድም፣ ይሄ ሰውዬ ምን አርጎህ ነው?" አለኝ። ልክ ነው፣ ምንም አላረገኝም። በሰዓት እየከፈልክ ስትጫወት ደሞ ከባድ ጌም ማለት ውድ ጌም ማለት ነው፣ እያንዳንዱ ሞት ከኪስ ነው የሚወጣው፣ ፈረንጆቹ ስለ ጌም ክብደት ሲከራከሩ ይሄን ነገር የሚያነሳ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን ለጀለሴ ስነግረው ሳቀብኝ። "እለፈው እንጂ፣ ማን ተጣላው አለህ?" እውነቱን ነው። ሰውዬው መንገዱን ሙሉ አልዘጋም፣ በዛፎቹ ጥግ ጎንበስ ብለህ ትሾልካለህ፣ ወደ ደቡብ ወርደህ ዊፒንግ ፔኒንሱላ የሚባለው ጋ ትናንሽ ነገር እየገደልክ ሌቭልህን ከፍ አርገህ፣ ሰይፍህን በድንጋይ አጠናክረህ፣ ቶረንት የሚባለውን ፈረስ ይዘህ ትመለሳለህ። እኔም እንደዛ አደረግኩ፣ ተመልሼ መጥቼ በስንተኛው ጊዜ ጣልኩት፣ ጮህኩ፣ የፊፋ ልጆች አጨበጨቡልኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ያ ጌም ቤት ሌላ ሰው አስገብቶ ሴቭ ያደረግኩትን አጥፍቶ አገኘሁት። ሌቭል ሰላሳ ምናምን ደርሼ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ መናገር አልፈልግም።

እሺ ወደ ዋናው ነገር። የጌም ክብደት ሁለት ዓይነት ነው ባይ ነኝ፣ ጠላት ቶሎ እንዳይሞት ላይፍ መደረብ አለ፣ ጠላት የሆነ ነገር እንዲያስተምርህ ማድረግ ደሞ አለ። ስካይሪምን ውሰዱ፣ በፈረንጆቹ 2011 የወጣ፣ እኔ እስካሁን የምወደው ጌም፣ ሙዚቃው ሲጀምር ዛሬም ይወረኛል። ግን ፋይቱ? ዲፊከልቲውን (የክብደት ደረጃውን) የመጨረሻው ሌጀንደሪ ላይ ስታደርገው አንተ የምትመታው ወደ ሩብ ይወርዳል፣ እነሱ አንተን የሚመቱህ ሶስት እጥፍ ይሆናል፣ በቃ አለቀ። ድራውገሩ (መቃብር ውስጥ የሚነሳው ሬሳ) ያው ድራውገር ነው፣ ኢዚ ላይ እንዴት እንደሚመታ ሃርድ ላይም እንደዛው ነው፣ ቆዳው ብቻ ወፈረ። በደነዘ ቢላ ሻኛ መቁረጥ ነው። ሲያምህ ደሞ ቦርሳህን ትከፍታለህ፣ ዓለም ቀጥ ይላል፣ የተወረወረ ፍላጻ አየር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል፣ አንተ ልክ ሁዳዴን እንደፈታ ሰው አይብ ታወርዳለህ፣ ሃያ አይብ፣ ከዛ ዘግተህ ድብድቡን ትቀጥላለህ። ለዛ ነው ሁሉም ሰው መጨረሻ ላይ ጨለማ ውስጥ ተደብቆ ቀስት የሚወረውር ሌባ የሚሆነው። እኔም ሶስት ጊዜ "ዘንድሮ አስማተኛ ነው የምሆነው" ብዬ ጀምሬ ሶስቱንም ጊዜ ቀስተኛ ሆኛለሁ።

ከሱ በፊት የነበረው ኦብሊቪየን (2006) ደሞ ይባስ ነበር፣ አንተ ሌቭልህ ሲያድግ ጠላቱም አብሮህ ያድጋል፣ መጨረሻ ላይ መንገድ ላይ አስቁሞ 100 ወርቅ አምጣ የሚልህ ሽፍታ የለበሰው ጥሩር ሲሸጥ ቤት ይገዛል። ሽጠው እንጂ ሰውዬ!

ዊቸር 3 (2015) መሀል ላይ ነው። አራት ዲፊከልቲ አለው፣ የመጨረሻው ዴዝ ማርች ይባላል፣ እዛ ላይ ቁጭ ብለህ ስላረፍክ ብቻ ላይፍህ አይመለስም፣ መብላት አለብህ፣ መድኃኒት መጠጣት አለብህ። የወደድኩለት ዝግጅቱን ነው። ለጭራቅ የብር ሰይፍ፣ ለሰው የብረት ሰይፍ፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት ጭራቅ የሚቀባ ዘይት፣ ሰውዬው የሚጠጣውን መድኃኒት አንዴ ከሰራው በኋላ እንደገና የሚሞላው በጠንካራ አልኮል ነው፣ እኛ ሀገር ቢሆን ካቲካላ ይዞ ነበር የሚዞረው። ጥሩ ነው። ግን ኩዌን የሚባለውን መከላከያ ከለመድክ ጨዋታው ያልቃል፣ ኩዌን፣ ሁለት ምት፣ ዘወር፣ ኩዌን፣ እስከ ጠዋት። ሌቭሉ ከአንተ በጣም የራቀ ጠላት ካጋጠመህ ደሞ ራስ ቅል ምልክት ያወጣል፣ ያ የሰፈር ዱርዬ በሁለት ምት ይጥልሃል፣ ጎበዝ ስለሆነ አይደለም፣ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ነው። ይሄ ያናድደኛል።

ኤልደን ሪንግ ላይ ዲፊከልቲ የሚመረጥበት ሜኑ የለም፣ ኢዚ የለ ሃርድ የለ። ሰዎች ይሄን ሰምተው ይፈራሉ። ግን ማርጊትን ልንገራችሁ፣ ትልቁ ቤተመንግስት በር ላይ የሚጠብቀው ሽማግሌ፣ ዱላ የያዘው። አንደኛ ደረጃ እያለን አንድ አስተማሪ ነበረን፣ አርጩሜውን ያነሳና አያወርደውም። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ እጅህን ዘርግተህ ትጠብቃለህ፣ አይመጣም፣ ስትገልጥ ያኔ ጧ! ማርጊት ማለት እሱ ነው። ዱላውን ያነሳል፣ አንተ ደንግጠህ ለማምለጥ ትገለበጣለህ፣ እሱ ግን ገና አላወረደም፣ ተገልብጠህ ስትነሳ ነው የሚያገኝህ። ሃያ ጊዜ ሞቼ የገባኝ ነገር ቢኖር የሚገድለኝ እሱ ሳይሆን የኔ ችኮላ መሆኑ ነው። ታናሽ ወንድሜ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ቆየና "አንተ ዱላውን ሳይሆን ፍርሃትህን ነው የምታየው" ብሎ ጆይስቲኩን ተቀበለኝ፣ በአራተኛው ገደለው። ብስጭቴን አትጠይቁኝ። ግን አያችሁ፣ ማርጊት ላይ የተማርኩት ነገር እስከ ጌሙ መጨረሻ ጠቅሞኛል፣ ስካይሪም ላይ ድራውገር መቶ ጊዜ ገድዬ የተማርኩት ነገር የለም።

ማንም የማይነግራችሁ ሌላ ነገር የዕቃ ክብደት ነው። የለበስከው ጥሩርና የያዝከው መሳሪያ ከምትችለው 70 በመቶ ካለፈ ሰውዬህ ሲገለበጥ እንደ ጤፍ ጆንያ ነው የሚወድቀው፣ ከዛ "ጌሙ አያመልጥም፣ አልሰራም" ትላለህ። መጀመሪያ ጌም ቤት እያለሁ ያገኘሁትን ብረት ሁሉ ለብሼ ነበር እኮ የምጫወተው። ጋሻ ለሚወድ ደሞ ምቱን በጋሻ ከተቀበልክ በኋላ ወዲያው ከባዱን ምት ስትጫን የሚመልሰው አጸፋ አለ፣ ጠላቱ ደጋግሞ ከቀመሰው ይንበረከካል፣ ያኔ ደረቱ ላይ ትሰካለታለህ። የዛ ድምፅ ብቻውን ገንዘቡን ያወጣል።

"ኢዚ የለውም" የሚባለውም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ኢዚው ዓለሙ ውስጥ ተደብቋል። ከከበደህ ሌላ ቦታ ትሄዳለህ፣ አስማት ይዘህ ከሩቅ ትወረውራለህ፣ መናፍስት ጠርተህ እነሱ ሲደበደቡልህ አንተ ከኋላ ትወጋለህ (መንፈስ እየጠራሁ እንደምጫወት እናቴ ብትሰማ በነጋታው እንጦጦ ጸበል ነኝ)። ይሄን መጠቀም ማጭበርበር ነው የሚሉ ልጆች አሉ፣ አትስሟቸው።

አሁን ደሞ ወቀሳ። አንደኛ፣ ጌሙ ከመሀሉ በኋላ ይበላሻል ባልልም ይጨክናል፣ በረዷማው ተራራ ላይ ስትደርስ ሁሉም ነገር በሁለት ምት ነው የሚገድልህ፣ ያ ቅድም የተቸሁት ቁጥር ማባዛት እዚህም ገብቷል። ዋሻዎቹ ውስጥ ቦሶች (ዋና ዋናዎቹ ጠላቶች) ይደጋገማሉ፣ ያንኑ ድመት የሚመስል ሐውልት ስንት ቦታ እንደገደልኩት ጠፍቶኛል። ሁለት ቦስ አንድ ላይ የሚለቁብህ ቦታዎች ደሞ ስንፍና ናቸው፣ ካሜራው አንዱን ሲያሳይህ ሌላው ከጀርባ ይመጣል። ትልልቆቹ ጋር ካሜራው ጭራሽ ይጠፋል፣ ከድራጎን ጋር ተጣላሁ ስል ቁርጭምጭሚት ነው ስቆርጥ የነበረው። በዚህ በኩል ድራጎንስ ዶግማ 2 (2024) ይሻላል፣ ሳይክሎፕሱ (አንድ ዓይናው ግዙፍ) ላይ ተንጠልጥለህ ወጥተህ ዓይኑን ትወጋዋለህ፣ ጀለሴ ቤት ስሞክረው ግሪፊን (ክንፍ ያለው አውሬ) ላይ ተንጠልጥዬ ይዞኝ በረረ፣ የት እንዳለሁ አላውቅም፣ ሳቅ ብቻ። እሱ ግን ሲወጣ ከተማ ስትገባ ይንቀረፈፍ ነበር።

ማሌኒያ የምትባል ቦስ አለች ደሞ፣ በመታችህ ቁጥር ላይፏ ይመለሳል፣ በጋሻ ብትመክተውም ይመለሳል። ይሄ ግፍ ነው። አሁን ያለሁት እሷ ጋ ነው።

ትልቁ ችግሬ ግን ሌላ ነው፣ ፖዝ የሚያደርግ ቁልፍ የለም። በቃ የለም፣ ሜኑ ብትከፍትም ጠላትህ እየመጣ ነው። አሁን ቤት ነው የምጫወተው፣ ካሳንቺስ አካባቢ፣ እናቴ ቡና ስታፈላ አንድ ጊዜ ነው የምትጠራው፣ ሁለተኛው ስድብ ነው። "እማዬ አንድ ደቂቃ" "ቡና አንድ ደቂቃ አያውቅም!" ልክ ናት። አቦሉን ላለማስቀረት የሞትኩትን ቁጥር ብደምረው ማሌኒያ ከገደለችኝ አይተናነስም። በሌላ በኩል መብራት ሲጠፋ ጌሙ ራሱ በየደቂቃው ሴቭ ስለሚያደርግ ሲመጣ ብዙ ሳይጠፋ ከቆምክበት አካባቢ ትቀጥላለህ። ስካይሪም ላይ መብራት ሄዶብኝ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ የተመለስኩበትን ሌሊት አልረሳውም።

ልትገዙት ካሰባችሁ፦ ኮምፒውተር ላይ ቢያንስ 12 ጊጋ ራም ይጠይቃል፣ የኔ ላፕቶፕ 8 ስለነበረው አስጨመርኩ፣ ባዶ ቦታ 60 ጊጋ ይፈልጋል፣ ለማውረድ ሌሊት ሌሊት እየለቀቅኩ አራት ቀን ፈጀብኝ። ካርድ ስለሌለኝ ውጭ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት የገዛችልኝ። በኪቦርድ አትሞክሩት፣ ሞክሬዋለሁ፣ ጣት ነው የሚሰበረው። ጆይስቲክ ከሌላችሁ መጀመሪያ እሱን ግዙ፣ ያገለገለ ከሆነ ደሞ ከመክፈላችሁ በፊት ግራውን ስቲክ ልቀቁትና ሰውዬው ቀጥ ብሎ መቆሙን እዩ፣ የኔ የመጀመሪያው ራሱን ችሎ ገደል እየገባ ስንት ጊዜ ገድሎኛል። ለፋይቱ ከአስር ዘጠኝ። ማሌኒያን ከጣልኳት ዘጠኝ ተኩል አደርገዋለሁ።