ናስ ነው ያሉኝን በጥፍሬ ላጥኩት

የባቡር ሞዴሌን እንዲያሳምሩልኝ ከሰጠሁበት ሱቅ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ፊደል ብስት አትፍረዱብኝ።

ሰውየውን ስሙን ባልጠራውም ታውቁታላችሁ። ስልኩ ላይ ያማሩ ሎኮሞቲቮችን ፎቶ እያገላበጠ «ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት» የሚለው ዓይነት ነው። ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ፣ ሥራው «በሁለት ሳምንት»፣ ቀጥሎ «ቀለሙ እየደረቀ ነው»፣ ቀጥሎ ስልክ አያነሳም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው የሰጠሁት።

የሰጠሁት ሚካዶ የሚባለው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞዴል ነው፤ ኤችኦ በሚባለው መጠን፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ (1፡87)። ፋብሪካው የቦይለሩን (የእንፋሎት ጋኑን) የእጅ መያዣ ከአካሉ ጋር አንድ ላይ በፕላስቲክ ስለቀረጸው የተሰመረ መስመር ነው የሚመስለው። እሱ ተፍቆ፣ ቦታው ተበስቶ፣ 0.4 ሚሊሜትር የናስ ሽቦ እንዲገባለት ነበር የተስማማነው። 0.4 በ87 ሲባዛ 35 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ሰው በእጁ ሊጨብጠው የሚችል ዘንግ። ሳይቀባ እንዲተወውም ነግሬዋለሁ፣ ናስነቱ እንዲታየኝ። ደወሉን፣ ፊሽካውንና የአየር ፓምፑን ደግሞ ራሴ አንድ በአንድ የለቀምኳቸው ናቸው፤ በሰም ቅርጽ ናስ ፈስሶ የተሠሩ። ደወሏን እንደውም ስሞርዳት ከንፈሯን ጭሬያታለሁ። በትንሽ ፌስታል አድርጌ እጁ ላይ አስረከብኩ። ወረቀት አላስፈረምኩም። ጅል!

ዛሬ ስሄድ ሰውየው የለም፤ ልጁ ነው የጠበቀኝ። ከካርቶኑ አውጥቶ መብራት ሥር አቆመው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የጭስ ማውጫው ጥላሸት፣ ከሴፍቲ ቫልቩ ሥር የወረደው ነጭ የውሃ እድፍ፣ ወርቅ የመሰለው ደወል... ላመሰግነው አፌን ከፍቼ ነበር።

ግን የእጅ መያዣው ጥላ የለውም። ሽቦ ቢሆን ከቦይለሩ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ስለሚቆም መብራት ሲያርፍበት ከጎኑ ቀጭን ጥላ ይጥላል። ጎንበስ አልኩና በአውራ ጣቴ ጥፍር ጫር አደረግኩት። ወርቃማው ቀለም እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሳ። ከሥሩ ጥቁር ፕላስቲክ፤ ያው የፋብሪካው መስመር። አትቀቡት ያልኩትን፣ ያልተቀባ እንዲመስል ቀብተውታል! ደወሉንም ጫርኩት። እሱም ፕላስቲክ።

«ናሱ የታለ?» አልኩት።

«ናስ ነው እኮ።»

«ናስ ይላጣል እንዴ?»

ስልኩን ሳያስቀምጥ ቀና ብሎ አየኝና «ወንድም፣ ይሄ እኮ ለመታየት ነው እንጂ ለመቧጠጥ አይደለም» አለኝ። ከኋላው የተቀመጠው ጓደኛው ሳቀ። ከገንዘቡ ይልቅ ያቺ ሳቅ ናት የምታንገበግበኝ።

ሐዲድ ላይ ልሞክረው ስል «ቤትህ ትሞክረዋለህ» አለ። እንቢ ብዬ ራሴ አስቀመጥኩት። አነከሰ። ጎማው በዞረ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ቀጥ እያለ፣ ዘንጎቹ እየተንገጫገጩ። ለቀለም ብለው ጎማ ነቅለው እንደነገሩ መልሰውታል። የግራና የቀኝ ክራንክ (ዘንጉ ጎማው ላይ የሚያያዝበት ክንድ) በ90 ዲግሪ ተለያይቶ ነው የሚገጠመው፤ እውነተኛው ሎኮሞቲቭ ላይ የአንዱ ጎን ፒስተን ጫፍ ደርሶ መግፋት ሲያቅተው ሌላው እንዲገፋ። ሞዴሉን ሞተር ቢያዞረውም አራቱን አክስሎች ዘንጎቹ አንድ ላይ አስረዋቸዋል፤ አንዱ በጥቂት ዲግሪ ከተዛነፈ ያነክሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ካቻቪቴ ምን ብሎ ይይዛል? ስሰጠው ሸጋ አድርጎ የሚሄድ ሎኮሞቲቭ ነበር!

«ፌስታሌስ?» አልኩት በመጨረሻ።

«የምን ፌስታል?»

ይኸው ነው። ዕቃ ስታስረክቡ በቁጥር አስፈርሙ፣ ፎቶ አንሱ፣ ግማሹን ክፍያ ሐዲድ ላይ ሲሄድ ካያችሁ በኋላ ስጡ። ጥፍርም አትቁረጡ።

ደወሌ ከንፈሯ ላይ በግራ በኩል የሞረድ ጭረት አላት። የሆነ ሰው ሎኮሞቲቭ ላይ፣ ወይ የሰውየው አዲስ ፎቶ ላይ ካያችኋት ንገሩኝ።