ለከተራ የለበሰውን ነጭ አውልቆ መኪናዬን ለሠራልኝ መካኒክ

ጎንደር ውስጥ መኪና ያላችሁ፣ በተለይ ሴቶች፣ ይህችን ጽሁፍ ሳትጨርሱ እንዳታልፏት። ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለኝ። አዘዞ መንገድ አካባቢ የሚሠራ መካኒክ ነው። «ስሜን አደባባይ እንዳታወጪው» ብሎ ስለለመነኝ ስሙን አልጽፍም። ማመስገኑን ግን አልከለከለኝም።

መጀመሪያ ትንሽ ልማረር። የኔ መኪና አሮጌ ቪትዝ ናት። ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ውሃ ታጎድል ጀመር። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። በደንብ ሳያዩ «ራዲያተሩ አልቋል» አሉኝ። እሺ ተቀየረ፣ ዕቁቤ እዚያው ቀለጠ። ብዙም ሳይቆይ ያው ችግር ተመለሰ። ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ «ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይወርዳል» ተባልኩ። ጓርኒሲዮን ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ያወቅኩት ዋጋውን ብቻ ነው። የአስተማሪ ደመወዝ ያንን ለመክፈል ስንት ወር እንደሚፈጅበት እናንተው አስሉት።

«ወንድ ይዘሽ ነይና እናስረዳው» ያለኝን ሰውዬ መቼም አልረሳውም። መኪናዋ በኔ ስም ናት። የምነዳት እኔ። የምከፍለው እኔ። ማስረዳቱ ለወንድ! እምቢ ብዬ ሳወጣት የመኪና ማንሻ ክሪኬ የለም። ስንት ሰዓት ተሰልፌ የቀዳሁት ቤንዚንም ጎድሏል። ቤንዚን በዚህ ዘመን እንዴት እንደሚገኝ የሚያውቅ ያውቀዋል። የት ጋራዥ ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ አልናገርም። ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የከተራ ዕለት ጠዋት እማዬን ከማክሰኚት ይዣት እየመጣሁ ነበር። እማዬ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ቆማ ካላየች ዓመቱ ዓመት አይሆንላትም። አዘዞን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር የሙቀት መብራቱ ቀይ በራ። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተንቦለቦለ። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። አስፋልቱ ላይ አረንጓዴ ውሃ ይፈሳል። እማዬ «ወይኔ እመቤቴ፣ ልትቃጠል ነው!» ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ወረደች።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆመልን። «እዚህ ገባ ብሎ አንድ ጎበዝ ልጅ አለ። ግን ዛሬ ከተራ ነው፣ እንጃ» አለን። ጎረምሶች ጠራርቶ እየገፉ አደረሱን። እነሱንም እግዜር ይስጣቸው።

ስንደርስ በሩን እየዘጋ ነበር። ነጭ በነጭ ለብሷል። ነጠላውን አጣፍቷል፣ ቁልፉ እጁ ላይ ነው። አፌ ተያዘ። በዓል ነው፣ ምን ብዬ ልለምነው? እሱ ግን እኔን አላየም፣ እማዬን ነው ያየው።

«እማማ፣ ከተራ እየሄዱ ነው?»

«ነበርኩ ልጄ፣ ነበርኩ።»

ሌላ ምንም አላለም። በሩን መልሶ ከፈተ። ነጩን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለና ቱታውን ለበሰ። ስለ ዋጋ አልተነጋገርንም። ማን እንደሆንን እንኳ አልጠየቀም። እንዲህ ዓይነት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም ነበር።

ለእማዬ በርጩማ አወጣላት። ጎረቤት ቡና ወደምታፈላው ልጅ ዞሮ «ለእማማ አንድ ስኒ!» ብሎ ተጣራ። ከገፉን ልጆች አንዱ ቸኩሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል እጁን ለቀም አደረገው። «ፊትህን ልትላጥ ነው እንዴ? መጀመሪያ ትቀዝቅዝ» አለው። ምንም ሳይነካ ተቀምጦ ጠበቀ። ሌላ ቦታ ቢሆን ቀዝቃዛ ውሃ ይደፉባት ነበር፣ አይቻለሁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋ ብረቱ ሊሰነጠቅ እንደሚችል የነገረኝ እሱ ነው።

ስንጠብቅ የጠየቅኩትን ሁሉ አስረዳኝ። ለእኔው! ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 93 አካባቢ ይፈላል አለኝ። መኪና ውስጥ ያለው ግን ታፍኖ ስለሚዞር ቶሎ አይፈላም። የሆነ ቦታ ሲቀደድ ግፊቱ ይወጣና ዳገት ላይ ጉድ ይፈላል። ሌላም ብዙ ነግሮኛል፣ አልያዝኩትም።

ከቀዘቀዘች በኋላ እጁን ኮፈኑ ሥር አስገብቶ የውሃ ማስተላለፊያ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዳበሳቸው። አንዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። «እህቴ፣ ነይ እይው» አለኝ። ማኒኮቶ የሚሉት፣ ራዲያተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው ጎማ ነው። ጫፉ ተሰንጥቋል። ያ ብቻ አይደለም፣ በፋሸታ፣ በብረት ማጥበቂያ ቀለበት፣ መታሰር ሲገባው በሽቦ ነው የታሰረው። በሽቦ! አዲስ ራዲያተር ብለው ዕቁቤን የበሉት ሰዎች አሮጌውን ጎማ ጠፍረው መልሰውልኛል።

የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጦ ጣለ። የቀረውን ስቦ በአዲስ ፋሸታ አሰረው። ኩላንቱን፣ ማለትም አረንጓዴውን የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሎ ሞላ። «ጓርኒሲዮኑስ?» አልኩት እየፈራሁ። የዘይት መለኪያውን መዞ አሳየኝ። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ውሃ ገብቶበት ቢሆን ዘይቱ ይነጣ ነበር አለ። አልነጣም። ሞተሩን አስነስቶ ራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ይወጣ እንደሆነም አየ። አልወጣም። «ሞተርሽ ጤነኛ ነው። ማንም እንዳይከፍተው» አለኝ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ።

እማዬ እስከ ዛሬ የምታወራው ግን ሌላ ነው። ረዳቱ መሬት ላይ የፈሰሰውን አረንጓዴ ውሃ አሸዋ አልብሶ እንዲያነሳው አዘዘው። እማዬ «ለምን ትደክማላችሁ፣ ይደርቅ የለ?» አለች። «እማማ፣ ይሄ ነገር ይጣፍጣል፣ ግን መርዝ ነው። ውሻ ልሶት ይሞታል» አላት። እማዬ ማክሰኚት ውስጥ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የምትመግብ ሴት ናት። ምርቃቱን አወረደችው። ልጆችህ ይደጉልህ፣ እጅህ ይባረክ፣ ክፉ አይይህ… ልጁ አንገቱን ደፍቶ «አሜን፣ አሜን» ሲል ቡናዋ ቀዘቀዘ።

ሂሳብ ስጠይቅ የፋሸታውንና የኩላንቱን ብቻ ነገረኝ። የእጅህስ? «ከተራ ነው፣ ለእማማ ነው» አለ። ነጩን መልሶ ለበሰና አብሮን ገባ። «እግረ መንገዴን ሞተሩን ላዳምጠው» ብሎ! መንገዱ እስከተዘጋበት ድረስ አብረን ሄድን። እማዬ ታቦታቱ ከመድረሳቸው በፊት ቦታዋን ይዛ ቆማለች።

«የቆረጥኩት ለበዓሉ ያህል ነው፣ በሱ ሩቅ መንገድ እንዳትሄጂ» ብሎኝ ስለነበር ሱቅ ሲከፈት ተመለስኩ። መለዋወጫ ሱቅ ድረስ አብሮኝ መጣ፣ ዋጋውን ግን ከሻጩ ጋር የተነጋገርኩት እኔ ነኝ። ደረሰኙም በእጄ ነው። አዲሱን ገጥሞ አሮጌውን ጎማ በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ፣ «ያንቺ ንብረት ነው» ብሎ። ክሪኬን የወሰዱት ሰዎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ጠብታ ውሃ አላጎደለችም። እባካችሁ እሱ ጋ ሂዱ። ሞተር ይውረድ የተባላችሁ ከማውረዳችሁ በፊት አንዴ አሳዩት። ሴቶች፣ ብቻችሁን ሂዱ፣ ወንድ አምጡ አይላችሁም። ስልኩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሁድና በዓል አይሠራም። የኛን አይታችሁ በበዓል እንዳታስቸግሩት አደራ። ስትደውሉ «የእማማ ልጅ ናት የላከችኝ» በሉት፣ ያውቃል።