ፔንድልተን የድሮን መሞከሪያ፦ ማማው ጥሩ፣ በጋው አታላይ

በአሜሪካ፣ በምሥራቅ ኦሪገን የስንዴ ማሳዎች መካከል ያለው የፔንድልተን አውሮፕላን ማረፊያ ሦስት ዓይነት ደንበኛ አለው፤ አነስተኛ የመንገደኞች አውሮፕላኖች፣ የብሔራዊ ዘቡ ቺኑክ ሄሊኮፕተሮችና ድሮኖች። የድሮን መሞከሪያነቱን ፈቃድ ያገኘው በ2013 (በፈረንጅ አቆጣጠር) በአላስካ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የድሮን ሙከራ ቀጣና አካል ሆኖ ነው።

ባዶ መሬት በዚያ አካባቢ ሞልቷል፤ ገንዘብ ሊከፈልበት የሚገባው የመቆጣጠሪያ ማማው ነው። ሰው ያለበትንና የሌለበትን በረራ በአንድ ሰማይ ማስተናገድ ለምዷል። ቢሆንም ድሮን ልትሞክሩ የምትመጡ ከቺኑክ ራቁ፤ የክንፎቹ ንፋስ ቀላል ድሮን ይገለብጣል።

ከ25 ኪሎ በታች የሆነ ድሮን በመደበኛው ደንብ እስከ 120 ሜትር፣ ከዓይን ሳይርቅ ይበራል። ሰማዩ ቁጥጥር ስላለበት ለዚህም ፈቃድ ይጠየቃል። ከዚያ ለከበደው የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) ከመከራየት በፊት ይህን መጨረስ ይሻላል። የኤርባሱ ቫሃና፣ ያለ አብራሪ የሚበር የኤሌክትሪክ ታክሲ ሙከራ፣ 745 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ጃንዋሪ 31 ቀን 2018 እዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ 5 ሜትር ከፍ ብሎ 53 ሰከንድ ቆየ። ለእንዲህ ያለው ሙከራ ረጅም ማኮብኮቢያ አያስፈልግም።

በጋው፣ ማለትም ከጁን እስከ ኦገስት ያለው የሙቀት ወቅት፣ ያታልላል። ሜዳው ከባሕር ወለል 456 ሜትር ላይ ቢሆንም ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይሳሳና 1,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ይሆናል፤ ጭነት ቀንሱ። ሣሩም ክብሪት ይጠብቃል። በጁን 2021 አንድ የአማዞን ድሮን ቀጥ ብሎ ከመውጣት ወደ ፊት በረራ ሲዞር ሞተሩ ጠፍቶ ከ49 ሜትር ገደማ ወደቀ፤ ባትሪው ተቀጣጥሎ 10 ሄክታር ያህል ተቃጠለ። (በ1945 555ኛው የጥቁር አሜሪካውያን የፓራሹት ሻለቃ እዚሁ ሰፍሮ ነበር፤ ሥራው ጃፓን በለቀቀቻቸው ሰው አልባ ፊኛዎች የሚነሣን የደን እሳት ማጥፋት ነው። ሜዳውና ሰው አልባ በራሪ የቆየ ትውውቅ አላቸው።) የውኃ ቦቴ አጠገባችሁ ሳይቆም አታስነሡ።

ዝናቡ በዓመት ከ350 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ አብዛኛውም ከኖቬምበር እስከ ማርች ይጥላል። በበጋ ብቻ ሞክሮ የሚሄድ ቡድን የካፊያን ችግር ሳያይ ይመለሳል። በዲሴምበር 2024 ሁለት የአማዞን ኤምኬ30 ድሮኖች በካፊያ ከ50 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሳሉ «አርፌያለሁ» ብለው ሞተራቸውን አጠፉ። የሶፍትዌር ማሻሻያ ላይዳሩን (ርቀትን በሌዘር የሚለካውን መሣሪያ) በዝናብ ይበልጥ ተሳሳች አድርጎት ነበር፤ በቀድሞው ሞዴል ላይ የነበረው፣ እግሩ መሬት መንካቱን የሚያረጋግጠው መቀየሪያም በአዲሱ ላይ ተወግዶ ነበር።

ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሳምንት በዝናብ ወራት ያዙ። ከዚያ በፊት ግን ድሮኑን አስራችሁ፣ ላይዳሩ ላይ ውኃ እየረጫችሁ ንባቡን መዝግቡ። ሞተሩ የሚጠፋው ላይዳሩ፣ የከፍታ መለኪያውና የእግሩ መቀየሪያ ሲስማሙ ብቻ ይሁን።