የአባቴን ቮልስ ብረት ቆርጠው «ልክ አስገባንልሽ» አሉኝ

ጣቶቼ ላይ ያለው ማስቲሽ ገና አልለቀቀም። በቤንዚን አሸሁት፣ በዘይት አሸሁት፣ እምቢ አለ። ስልኬ እየተጣበቀብኝ ነው የምጽፈው። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው። ከበረደማ እንደ ሁልጊዜዬ «ለእግዜር ሰጥቻለሁ» ብዬ እተወዋለሁ፤ እነሱም ነገ ሌላ ሰው ይጠብቃሉ።

ቮልስ ያላችሁ፣ አሮጌ ፊያት ያላችሁ፣ ፔጆ 404 ከአባታችሁ የወረሳችሁ፣ ስሙኝ። የመኪና ወንበርና ኮርኒስ፣ ማለትም የጣራውን የውስጥ ልብስ፣ የሚሠሩትን ዲኮር ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። ደጁ ላይ የወንበር ልብስ ተሰቅሏል። መሬቱ ላይ የስፖንጅ ቁርጥራጭ ተበትኗል። አንድ የስፌት ማሽን አለ፣ ሦስት ልጆች አሉ፣ ከወንበሩ የማይነሳ አንድ ባለቤት አለ። የጠየቃችሁት ሁሉ «ኦሪጅናል ነው፣ የጀርመን ነው» ይባላል። መርካቶ አካባቢ ያለ እንደዚያ ያለ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ብጠራውም ታፔላውን ቀይሮ እዚያው ይቀጥላል።

መኪናዋ የአባዬ ናት። ሞዴሏ በፈረንጅ 1962 ነው። እኔ ሳልወለድ እጁ የገባች ናት። አባዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚደግመው ወሬ አለው፤ ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት ይዘዋቸው የወጡት በቮልስ ነው ይላል። ቮልስ በሯ ሁለት ስለሆነ ኋላ ለመቀመጥ የፊቱ ወንበር መታጠፍ አለበት፣ ሰውም ማጎንበስ አለበት። «ንጉሥም አጎንብሶባታል» ብሎ ይስቃል። የእኛዋ ላይ ግን ከገቡም በኋላ ማጎንበስ ነበር። ኮርኒሱ ወርዶ የኋላ ተሳፋሪ ፀጉር ላይ ያርፍ ነበራ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ነው የምትሳፈረው፤ ብርድ ፈርታ እንዳይመስላችሁ፣ አቧራውን ነው።

ለፋሲካ ኮርኒሱን ልቀይርለት ፈለግሁ። ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ሰው ሁሉ ያለውን አሮጌ እያደሰ ነው፤ ባለሙያ ጋ ስደውል የሚጠሩት ዋጋ ደግሞ አይቀመስም። የጨርቁን ስፌት ብቻ ለዲኮር ቤት ሰጥቼ፣ ሌላውን ራሴ እሠራዋለሁ አልኩ። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብኝ። ስፖኪዮውን፣ የፀሐይ መከላከያውን፣ የውስጥ መብራቱን፣ መያዣውን፣ ሁሉንም በካቻቢቴ ፈታሁ። ከእህቴ ልጅ ጋር ሆነን የፊትና የኋላ መስታወቱን ከነጎማው አወጣነው። ሳይሰነጠቅ! ይህን ስጽፍ አሁንም ደረቴን ይነፋኛል፣ ይቅርታ።

እዚህ ላይ ቮልስ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው። የአሁን መኪና፣ በሉ ቪትዝ፣ ኮርኒሱ ሰሌዳ ነው። ስስ ስፖንጅ ያለው ጨርቅ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል፣ አለቀ። የድሮ መኪና ግን እንደ ድንኳን ነው። ከጨርቁ ጀርባ እንደ መጋረጃ ያለ ኪስ ተሰፍቶለታል። በየኪሱ እንደ ቀስት የጎበጠ ቀጭን ብረት ያልፋል። የብረቱ ሁለት ጫፎች ከጣራው ግራና ቀኝ ይገባሉ። ጨርቁን ወጥሮ የያዘው ያ ብረት ነው። ጠርዙ በማስቲሽ ይለጠፍና የመስታወቱ ጎማ ሥር ይገባል። ብረቶቹ ደግሞ እኩል አይደሉም። የእያንዳንዱ ርዝመት ለብቻው ነው፣ ጉብጠቱም ለብቻው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ስለዚህ ከፊት ወደ ኋላ ፕላስተር ለጥፌ ቁጥር ጻፍኩባቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ።

የሰፈራችን ሽማግሌ መካኒክ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ብረቶቹን ግድግዳ ላይ ተደግፈው ሲያዩ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጨርቁን ስጪ። ብረቱን ከእጅሽ እንዳታወጪ።»

አወጣሁት።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይሄን ልደብቅ አልፈልግም። የዲኮር ቤቱ ባለቤት «ጉብጠቱን ሳላይ ኪሱን በምን ልኬ እሰፋለሁ?» አለኝ። የባለሙያ ንግግር መሰለኝ። የአሮጌው ጨርቅ ኪስ እዚያው ፊቱ ተዘርግቷል እኮ! ልኩን የሚናገረው እሱ ነው። ግን ሰውየው «ኪስ» የምትለዋን ቃል ስላወቀ ብቻ ሥራውን ያውቃል ብዬ ደመደምኩ። ብረቶቹን ራሴ ከታክሲ አውርጄ፣ ራሴ ተሸክሜ፣ ራሴ አስረከብኩ። 13,000 ብር ተስማማን። 7,000 ቀብድ ሰጠሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ የሲጋራ ካርቶን ቀዶ «7,000» ብሎ ጻፈልኝ። ቀን የለውም፣ ፊርማ የለውም። እኔም አጣጥፌ እንደ ትልቅ ነገር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ያለውን ታውቁታላችሁ። «ነገ ነይ።» መብራት ጠፋ። ሰፊው ለቅሶ ሄደ። «ነገ ነይ።» ማሽኑ ተበላሸ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ።

አራተኛው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ልጁ ከጓዳ በማዳበሪያ ጠቅልሎ አመጣው። ብረቶቹ በሽቦ ታስረዋል። መጀመሪያ ጨርቁን ዘረጋሁት። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። «እሰይ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ልጁንም «እጅህ ይባረክ» ብዬዋለሁ። ያቺ «እሰይ» ትዝ ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኛለሁ።

ሽቦውን ፈታሁ። ቁጥር አንድ ላይ ፕላስተሬ አለ። ሁለት ላይ የለም። ሦስት ላይም የለም። ወልቆ ይሆናል ብዬ ሁለትን ከአንድ ጎን አቆምኩት። አጠረ። ቤት ስፈታው ከአንድ ይረዝም ነበር፤ በእጄ ነው የፈታሁት። ጫፉን ወደ በሩ ብርሃን አዞርኩት። ሌላው አካሉ በስድሳ ዓመት ዝገት ቡናማ ሆኗል። ጫፉ ግን እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል፣ ዙሪያው ደግሞ ተቃጥሎ ሰማያዊ ሆኗል። ግራይንደር ሲሠራ ያየ ሰው ያን ሰማያዊ ያውቀዋል።

«ይሄ ብረት ተቆርጧል?» አልኩ።

ልጁ ባለቤቱን አየ። ባለቤቱ ስልኩን አየ።

«ረዝሞ ነበር» አለ። «ልክ አስገባንልሽ።»

እንደ ውለታ ነው የተናገረው። አመሰግናለሁ እንድለው የጠበቀ ይመስለኛል። ለትንሽ ጊዜ ቃል አጣሁ። ከዚያ «የፋብሪካ ልክ እኮ ነው፣ በምን ረዘመ?» አልኩት። ከጨርቁ በግራም በቀኝም አራት አራት ጣት ወጥቶ ነበር አለኝ። ያኔ ገባኝ። ለእኔ አዲስ ጨርቅ አልቆረጡም። የጨርቅ ጣቃ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜትር ከ40 ስፋት አለው፤ እነሱ ግን ከሌላ ሰው ሥራ የተረፈ ጠባብ ቁራጭ ነበራቸው፣ መሃሉን በሱ ሠሩት። ጠበበ። አፍርሶ መስፋት ጨርቅ ይፈጃል፣ ጊዜ ይፈጃል። ብረት መቁረጥ ግን ግማሽ ደቂቃ ነው። ጫማ ጠበበ ተብሎ ጣት ይቆረጣል?

«ቁራጩስ የታለ?» አልኩ። ቢያንስ መልሶ ይበየዳል ብዬ ነው።

«ቁራሌው ወሰደው» አለ ልጁ። ማሽኑ ላይ ያለው ሌላኛው ሳቀ።

ድምፄ ወጣ። መንገደኛ ቆሞ ማየት ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ባለቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ያየኝ። «እህቴ፣ ጣራ እኮ ነው። ማን ቀና ብሎ ያያል?» አለኝ። ቀጥሎም «በቃ ባለቤትሽን ላኪው፣ ለሱ አስረዳዋለሁ» አለ።

ባለቤት የለኝም አልኩት። መስታወቱንም ያወጣሁት እኔ ነኝ አልኩት። ይሄን ለምን እንደነገርኩት አላውቅም። ሦስቱም ሳቁ። «ጎበዝ ነሻ! እንግዲያማ አንድ ሺህ ጨምሪና በፌሮ ሌላ እንሠራልሻለን።» ፌሮ! የቤት መሠረት ውስጥ የሚገባውን ፌሮ ነው ለቮልስ ኮርኒስ የሚለኝ።

አሁን በጣም የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ቀሪውን 6,000 ከፈልኩ። «ሂሳብ ሳይዘጋ ዕቃ አይወጣም» አሉኝ፣ እኔ ደግሞ የቀሩት ብረቶች እዚያ እንዳያድሩ ፈራሁ። ቴሌብሬን ከፍቼ፣ ፒኔን መትቼ፣ የአባቴን መኪና ላበላሸ ሰው በገዛ እጄ ላክሁለት። «ደርሷል፣ እናመሰግናለን» አለ። ማስቲሽም ጨመረልኝ፣ «የቤቱ ስጦታ» ብሎ፣ በግማሽ ሃይላንድ።

እሁድ ሞከርኩት። ካልሞከርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጨርቁን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ አለሳለስኩት። ቁጥር አንድ ገባ። ሁለት በግራ ሲገባ በቀኝ ይወጣል። እየጎተትኩ ሳስገባው ተፈናጥሮ ግንባሬን መታኝ። ጨርቁም ቢሆን ስፖንጅ ያለው የቪትዝ ጨርቅ ነው፤ አይወጠርም፣ ጠርዙ ጋም አይደርስም። ማስቲሹ የኮርኒስ አይደለም፣ በቤንዚን የቀጠነ ነው። በሁለቱም በኩል ቀብቼ፣ እስኪጠነክር ጠብቄ ለጠፍኩት። ቀትር ላይ መኪናዋ ስትግል ከፊት ጀምሮ ቀስ እያለ ተላጠ። ከጣራው ለቀቀ፣ ከእኔ ጣት ግን አልለቀቀም።

አባዬ ቀስ ብሎ ወጣ። እንዳያይ ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቁጥር ሁለትን ከመሬት አነሳና ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ስንት ነው የቆረጡት?» አለኝ። በጣቴ አሳየሁት። ምንም አላለም። ብረቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ የመኪናዋን በር ቀስ ብሎ ዘግቶ ገባ። በጮኸብኝ ይሻለኝ ነበር።

ምክር ከፈለጋችሁ፣ ብረቱን ከእጃችሁ አታውጡ፤ አሮጌውን ጨርቅ ብቻ ስጡ፣ እሱም ፎቶ ተነስቶና ተለክቶ። «እንደ ቪትዝ አድርገን እንሠራዋለን» ያላችሁ ቤት ውስጥ አትቀመጡ። ማስቲሽ በታሸገ ቆርቆሮ ግዙ። ቀሪ ሂሳብ ሜትር ሳትዘረጉ አትክፈሉ። እኔ ሜትሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ጓሮው ውስጥ በፈረንጅ የ60ዎቹ መጀመሪያ ቮልስ የቆመበት ሰው ካለ ደግሞ ይጻፍልኝ። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን ሁለት ቀን ዞሬ አላገኘሁም። ከፊት ሲቆጠር ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ብረት ነው የምፈልገው። ቢዝግም ችግር የለም፣ እሞርደዋለሁ። ጨርቁን ራሴ እሰፋዋለሁ።