የጨው ውሃ አኳሪየም በልደታ አራተኛ ፎቅ፦ ከጥቅምት እስከ ግንቦት

ዕቃው ቻይና ሠራሽ ነው፤ 110 ሊትር ይይዛል። ፊልተሩ ከመስታወቱ ጀርባ በተከፈለ ክፍል ውስጥ ተደብቋል። ፓምፕ፣ ስኪመር (ቆሻሻውን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣ መሣሪያ)፣ ማሞቂያና መብራት አብረውት ይመጣሉ፤ ካርቶኑ ላይም «ለጀማሪ» የሚል ተለጥፎበታል። ጥቅምት ላይ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሳሎኔ ውስጥ ተተከለ፣ አሁን ግንቦት ነው። ስለዚህ ዓይነት ዕቃ የሚነገረው ምክር ሁሉ መብራት በማይጠፋበት፣ ውሃ በፈረቃ በማይመጣበት፣ ከባህር ብዙም ከፍ በማይል ከተማ ተቀምጦ የተሰጠ ነው። የእኛዋ ከተማ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። መብራቱንና ውሃውን ማንም ይገምታል። ከፍታውን ግን ማንም አያነሳውም፤ ስንት ዓሣ እንደሚገባ፣ ምን ተጨማሪ ዕቃ እንደሚገዛ የሚወስነውም እሱው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን አብሮ ይቀንሳል። ጨው ያለው ውሃ ደግሞ ድሮም ከጨው አልባው ያነሰ ነው የሚይዘው። ባህር ጠረፍ ላይ፣ በ25 ዲግሪ፣ አንድ ሊትር የባህር ውሃ 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። እዚህ ያው ውሃ በዚያው ሙቀት ቢይዝ 5 ገደማ ነው። ሩቡ ገና ከመነሻው የለም ማለት ነው። ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት «እስከ ስድስት ትንንሽ ዓሣ» ይላል፤ ያ ስሌት ለጠረፍ ከተማ ይሠራ ይሆናል። እኔ ሦስት ላይ ቆሜያለሁ፤ አራተኛ የማስገባት ሐሳብም የለኝም።

ልዩነቱ የሚታየው ጠዋት ነው። ፓምፑ ሌሊት ፍጥነቱን የሚቀንስበት ቁልፍ አለው፤ እሱ በርቶ ባደረ ቁጥር ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ዓሦቹ ከውሃው ፊት ተጠግተው፣ የጉንጫቸው ክዳን ቶሎ ቶሎ ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ። ቁልፉን አጥፍቼ፣ የፓምፑን አፍ ወደ ላይ አዙሬ የውሃው ፊት ሁልጊዜ እንዲናወጥ ካደረግኩ ወዲህ ያ ቀርቷል። የመስታወት ክዳኑንም አንስቼ በመረብ ተካሁት፤ አየር ይገባል፣ ዓሣም ዘሎ አይወጣም። ሙቀቱን ብዙዎቹ 26 እና 27 ላይ ያደርጉታል። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚያንስ እኔ ከ25 አላሳልፈውም።

ወደ መብራት መጥፋት ስንመጣ፣ ሰው ሁሉ የሚፈራው ቅዝቃዜውን ነው። ያን ያህል ውሃ ግን ሙቀቱን ቶሎ አይጥልም፤ ጋቢ ካለበሱት ሰዓታት ይታገሳል። የማይታገሰው ኦክስጅኑ ነው። ከጠረፍ ሰዎች ያነሰ ስንቅ ይዘን ስለምንጀምር ቶሎ ያልቅብናል። ስለዚህ ከካርቶኑ ውስጥ ያልነበረች፣ ከካርቶኑ ይዘት ሁሉ ግን የምትበልጥ አንዲት ነገር አለች፦ በዩኤስቢ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ። ሁለት ዋት እንኳን አትበላም፤ 20,000 የሚባለው ፓወር ባንክ ሌሊቱን ሙሉ አሠርቷት ይተርፈዋል። መብራት ሲቋረጥ ራሷ የምትነሳ ዓይነት አለች፤ ጥቂት ብር ጨምሮ እሷኑ መግዛት ነው። የኮምፒውተር ዩፒኤስ ሞክሬ ነበር፤ ይሠራል፣ ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሲጮህ ጎረቤት ይነሳል።

መብራት ተመልሶ ሲመጣም በሰላም አይመጣም። ፓምፑና ማሞቂያው በስታቢላይዘር በኩል ነው የሚገቡት። ገመዶቹ በሙሉ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ከተንጠለጠሉ በኋላ ተመልሰው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ጨው ያለው ውሃና ዲቫይደር አንድ ወለል ላይ አይቀመጡም።

ውሃው ሌላ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች ነው የምትጠጣው፤ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚቆጥረው የቲዲኤስ መለኪያዬ ቧንቧው ላይ ከሳምንት ሳምንት የተለያየ ቁጥር ያሳየኛል። ክሎሪኑም አለ። ለጨው ውሃ የሚያስፈልገው ንጹሑ፣ ቁጥሩ ዜሮ ጋ የተጠጋው ነው፤ ይህም አርኦ፣ ማለትም ውሃን በስስ ሽፋን ውስጥ ገፍቶ የሚያጣራ ፊልተር፣ ይጠይቃል። አርኦ ደግሞ ግፊት ይፈልጋል፣ ከ3 እስከ 4 ባር ገደማ። የእኛ ውሃ ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ነው የሚወርደው። አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ይሰጣል፤ ከሮቶው እስከ ማጠቢያዬ ያለው ስንት እንደሆነ ቀና ብሎ ማየት በቂ ነው። ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ካልተገጠመ ፊልተሩ በጠብታ ይቆጥራል። ሻጮች ይህን አይነግሩም፤ ፊልተሩን ለብቻው ሸጠው ሳምንት ቆይተው ፓምፑን ይሸጣሉ።

አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለማግኘት ደግሞ ሦስትና አራት ሊትር ተጣርቶ ይጣላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ወደ ፍሳሽ መልቀቅ ነውር ነው። ጎማውን ጀሪካን ውስጥ አስገብቼ አጠራቅመዋለሁ፤ ለወለል፣ ለሽንት ቤት፣ በረንዳ ላይ ላለው ጤና አዳም ይሆናል። አዲስ እንግዳ መጥቶ የጀሪካኑን ሰልፍ ሲያይ ውሃ የጠፋ ይመስለዋል።

ጨው። በየሱቁ ያለው የአፍዴራ ጨው ለወጥ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፣ አዮዲንም ተጨምሮበታል። ባህር ውስጥ በአንድ ሊትር ወደ 1,300 ሚሊግራም ማግኒዚየም፣ ከ400 በላይ ካልሲየም አለ። ስለዚህ የተቀመመው ጨው ከውጭ ነው የሚመጣው። የእኔ፣ ኢንስታንት ኦሽን የሚባለው፣ በአክስቴ ልጅ ሻንጣ ከዱባይ ገባ። ፈታሹ ነጩን ዱቄት አይቶ «ጨው? ከዱባይ? አፋር አልቆ ነው?» ብሎ ስቆ አሳለፋት። 20 ኪሎው በሊትር 38 ግራም ገደማ እየተቀላቀለ ከ500 ሊትር በላይ ያወጣል፤ በየሳምንቱ 10 ሊትር ለሚቀይር ሰው ገንዳውን ከሞላ በኋላም ለወራት ይበቃል። እርጥበት እንዳያገኘው መክደን ነው፤ አንዴ ከደነደነ ቅመሙ ተዛብቷል።

የውሃውን የጨው መጠን ለመለካት ሪፍራክቶሜትር፣ በብርሃን የሚለካው መሣሪያ፣ ይገዛ። ከዕቃው ጋር የመጣው ባለክንድ የፕላስቲክ መለኪያ ለልጅ መጫወቻ ነው የሚሆነው፤ ክንዱ ላይ አንዲት አረፋ ከተለጠፈች ቁጥሩ ይሳሳታል። የሚፈለገው ከሺህ 35 ነው። ቀይ ባህር ራሱ 40 ገደማ ስለሆነ «የአገራችን ጎረቤት ባህር እንዲህ ነው» ብሎ የሚከራከር ጓደኛ አለኝ፤ ዓሦቹ ግን የለመዱት 35 ነው።

ጨው አይተንም፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። ስለዚህ በየቀኑ የሚጨመረው ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ መሆን አለበት። ታህሳስና ጥር ላይ አየሩ በጣም ደረቅ ስለነበር፣ ክዳኑም ስለተነሳ፣ ውሃው ከለጠፍኩት ምልክት በታች ለመውረድ አንድ ቀን በቂው ነበር። ከጠርዙ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ የጠዋት ሥራ ሆኗል።

ማቆሚያው ላይ ብዙ አልቆይም። ከድንጋዩና ከመስታወቱ ጋር ከ150 ኪሎ በላይ ስለሚሆን የቤት ዕቃ ሱቅ ጠረጴዛ አይችለውም። ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት በቱቦላሬ አሠራሁት፤ ልጁ «ጋሼ፣ ጄኔሬተር ሊቀመጥበት ነው?» አለኝ። ዝገቱን ለመከላከል ቀለሙን ሁለት ጊዜ መቀባት፣ ከላዩ ኮምፔንሳቶ፣ ከዚያ ስስ ፎም ማንጠፍ፣ በውሃ ልክ ማስተካከል። አለቀ።

ውሃውና ድንጋዩ ከገባ በኋላ ያለው ጊዜ ትዕግሥት የሚፈትን ነው። ዓሣ የሚያወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፤ አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ እስኪባዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ያለ ዓሣ፣ ጥቂት አሞኒያ እየጨመርኩ ነበር የጠበቅኩት። የመመርመሪያው ጠብታ አሞኒያንም ናይትራይትንም ዜሮ ሲያሳይ ኅዳር አልቆ ነበር። ወዲያው ደግሞ አሸዋው ሙሉ በሙሉ ቡናማ ሆነ። ዳያተም የሚባል አልጌ ነው፤ አዲስ ገንዳ ሁሉ ያልፍበታል፣ መድኃኒት ልሽጥልህ የሚልህን አትስማ። ቀንድ አውጣዎቹ ገብተው በሉት፣ ቀሪው በራሱ ጠፋ።

አሁን ያሉት ሁለት ክላውን ፊሽ፣ አንድ ፋየርፊሽ፣ አንድ ጽዳት ሠሪ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣዎች ናቸው። በትእዛዝ ከውጭ ከሚያስመጣ ነጋዴ፣ የጤና ምስክር ወረቀታቸውን አይቼ ነው የወሰድኳቸው። እንግዳ ሁሉ «ከምፅዋ ነው?» ይላል። አይደለም፤ ክላውኖቹ ገንዳ ውስጥ የተፈለፈሉ ናቸው፣ ባህር አያውቁም። ዝርያቸውም ቀይ ባህር ውስጥ አይገኝም፤ ቀይ ባህር የራሱ ባለሁለት ቀበቶ ክላውን አለው። የተራባ መግዛት ሁለት ጥቅም አለው፤ የደረቅ ምግብ የለመደ ነው፣ ከባህር ከተያዘውም ያነሰ በሽታ ይዞ ይመጣል። እንዲያም ሆኖ ሳምንታት በሌላ ፕላስቲክ ገንዳ ለብቻቸው አቆይቻቸዋለሁ፤ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ተባይ አንዴ ድንጋዩ ጋ ከደረሰ ዓሦቹን በሙሉ ካላወጡ አይለቅም።

ክላውን ሲፈለፈል ሁሉም ወንድ ነው። ከጥንዶቹ የበላይ የሆነው አድጎ ሴት ይሆናል። ይህን ለጎረቤቴ ለእማማ ባስረዳኋቸው ጊዜ ትልቋን አተኩረው አዩና «ልጄ፣ ስምንተኛው ሺህ ዓሣም ቤት ገባ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቡና ሲጠሩኝ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ እሷ ነው።

ነጋዴው በየወሩ ሰማያዊዋን ዓሣ፣ ብሉ ታንግን፣ ያቀርብልኛል። ስትሸጥ አውራ ጣት ታክላለች፣ ስታድግ 30 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። ለዚህ ገንዳ የሚሸጣት ሰው ስለሚሸጠው ነገር አያውቅም ወይም አውቆ ነው።

የቡናን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ የሐበሻ ቤት የራሱ ፈተና አለው። መስኮት ተዘግቶ ከሰል በተያያዘ ቀን ክፍሉ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ ውሃው ያንን ይስበዋል፣ የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች ይወርዳል። ከ8.2 ወደ 7.9 ሲወርድ በተደጋጋሚ ለክቻለሁ። ዓሣ አይገድልም፤ መስኮት ሲከፈት ማታውኑ ይመለሳል። አደገኛው ፍሊት ነው። ለበረሮ የሚረጨው መድኃኒት ለሽሪምፕም በረሮ ላይ እንደሚሠራው ነው የሚሠራው። ቤት የምታጸዳልኝን ልጅ ሁለት ነገር ብቻ ነው የለመንኳት፦ ሳሎን ውስጥ ፍሊት አይነፋም፤ ለገንዳው ውሃ የለየሁት ቀዩ ባልዲም በረኪና አይነካውም።

ከካርቶኑ ውስጥ ከመጡት ስኪመሩ ከጠበቅኩት በላይ ሆኗል፤ ኩባያው ላይ የሚሰበስበው ጥቁር ቡናማ፣ የሚገማ ፈሳሽ ዋጋውን ይመሰክራል፣ ውሃውንም ከአየር ጋር ስለሚያቀላቅል እዚህ ከፍታ ላይ ድርብ ጥቅም አለው። ድምፁ ግን መኝታ ክፍል አያስገባውም። ማሞቂያው 100 ዋት ነው፤ የኅዳርና የታህሳስ ሌሊት አሸንፎታል፣ እስኪነጋ ሳይጠፋ እየነደደ እንኳ 23 ላይ ይቀር ነበር። ሌላ 100 ጨመርኩ። አንድ ባለ 200 ከመግዛት ሁለት ትንንሽ ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆያል፣ አንዱ ሳይጠፋ ቢቀርም ብቻውን አይቀቅላቸውም። መብራቱ ለዓሣ ማሳያ ያምራል፣ ለኮራል ግን ደካማ ነው።

ኮራል ታስገባለህ ወይ የሚለኝ ብዙ ነው። ድንጋይ የሚሠሩት ጠንካራዎቹ በሳይተስ፣ ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ከላኪው አገር ፈቃድ ውጭ አይንቀሳቀሱም፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ወረቀት የሌለው ኮራል በሻንጣ አስመጣልሃለሁ ያለኝን ሰው አመስግኜ ሸኝቼዋለሁ። እንደ ዞአንተስ ያሉት ለስላሳዎቹ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም፣ ብርሃንም ያን ያህል አይጠይቁም። ክረምቱ በመብረቁና በመብራት መቆራረጡ ካለፈ፣ መስከረም ላይ አንድ ቁራጭ አዝዛለሁ።