የእህቴ ሰርግ ላይ ስለሰራው ካተሪንግ፦ ክትፎው፣ የሙስሊም ቡፌውና የኋለኛው ጠረጴዛ ነገር

ጥር ላይ እህቴን ድረን ድካሙ እንኳን ገና አልወጣልንም ግን ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው። እኛም ካተሪንግ ስንፈልግ የሰው አስተያየት ስናነብ ነው የከረምነው፣ አብዛኛው «ምርጥ ናቸው በጣም አሪፍ» ብቻ ነው የሚለው፣ ምን እንደበላ ምን እንደጎደለበት የሚነግርህ የለም። አንድ በጣም ያስከፋን ነገር ስላለ የድርጅቱን ስም አልጠራም።

እኛ ካቶሊኮች ነን፣ የአባቴ ሀገር እምድብር ነው። ጉራጌ ውስጥ ካቶሊክ የበዛበት ሀገር ነው፣ ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ የራሱ ሀገረ ስብከት አለው። ሰርጉ አዲስ አበባ ቢሆንም ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ ከዛ መጥቷል፣ እነሱ ፊት ደግሞ የማይሆን ክትፎ ማቅረብ ማለት በቃ ውርደት ነው።

ቤተክርስቲያኑ ያማረ ነበር። ስማቸው እሁድ እሁድ ተነግሮ፣ የጋብቻ ትምህርቱን ጨርሰው፣ ያ ሁሉ ወረቀት ተሟልቶ ነው እዛ የደረሱት። የምንቀድሰው በግዕዝ ስርዓት ስለሆነ ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ከበሮውንና ጸናጽሉን ሲሰሙ «ይሄ እኮ የኛው ቅዳሴ ነው» አሉ። እህቴ ቃል ኪዳኑን ስትናገር ድምጿ ተቆረጠ፣ አባ ቀስ ብለው ጠበቋት፣ አባቴ የነጠላውን ጫፍ አፉ ላይ ይዞ ቀረ። አክሊሉ ሲደፋላቸው እናቴ እልል አለች ቤቱ ሁሉ ተከተላት።

ካተሪንጎቹን የወደድኳቸው እዚህ ጋ ነው። ከሳምንት በፊት ቁምስናችን ድረስ ሰው ልከው ቅዳሴው ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ጠይቀዋል። ተክሊልና ቅዳሴ አንድ ላይ ሲሆን ይረዝማል፣ አንዳንዱ ካተሪንግ ስጋውን ጠዋት ከትፎ ያስቀምጥና ሙሽሮቹ እስኪመጡ ይጠቁራል። እነዚህ ግን አራት ከታፊ ይዘው መጥተው ከአዳራሹ ጀርባ ቁጭ አሉ፣ የመኪናው ጥሩምባ ሲሰማ ነው ቢላ ያነሱት። አክስቴ አላስችላት ብሎ ሄደች፣ ከመክተፊያው ላይ ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች፣ «ልጄ ሚጥሚጣው ይበቃል ቅቤውን ጨምርበት» አለችው ልጁም «እሺ እማዬ» ብሎ ጨመረ። ቅቤው ኮረሪማው የሚሸት፣ ክትፎው ሞቅ ያለ ለብለብ፣ ኮባ ላይ ከአይብና ከጎመን ጋር፣ ቆጮው ስስ ተደርጎ የተጋገረ። ከሀገር የመጡት ሽማግሌዎች ደግመው ጠየቁ፣ ለኔ ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

የሙስሊም ቡፌውም እንደዛው። ስጋው ለብቻ የታረደ፣ ሰሪዋ ሙስሊም፣ ድስቱም ጭልፋውም የራሱ፣ ቦታውም ከሌላው ራቅ ብሎ። ጎረቤታችን ሀጂ ሰሪዋን ራሳቸው አናግረዋት ከነቤተሰባቸው ተረጋግተው በሉ። እኔን ያሳደጉኝ ሰው ናቸው፣ ለስላሳ ብቻ ጠጥተው ቢሄዱ ኖሮ አልቅሼ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታው። መጠጡን ያቀረብነው እኛ ነን፣ የነሱ ስራ ማስተናገድ ብቻ ነበር። ከፊት ሱፍ የለበሰው ተቀምጧል፣ ጠጅ ሶስቴ ተቀዳለት። ከኋላ ግን ከእምድብር የመጡት አያቶቼ ያሉበት ጠረጴዛ አንዴ ከተቀዳ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሌሊት ተነስተው ያን ሁሉ መንገድ የመጡ ሰዎች ባዶ ብርሌ ፊታቸው አስቀምጠው ዝም ብለው ተቀምጠዋል፣ እነሱ ደግሞ አፍ አውጥተው አይጠይቁም። እናቴ ስታይ እንባዋ መጣ። እኔና የአጎቴ ልጆች ኮታችንን አውልቀን ራሳችን ቀዳን። ኃላፊውን ሳናግረው «ሰው ከተባለው በላይ መጣ» አለኝ፣ ወንበሩን እኔ ራሴ ቆጥሬዋለሁ፣ 400 ነው የተባለው 400 ነው የመጣው፣ አስተናጋጅ ግን 14 ብቻ ነበር ያመጡት። በኋላ ይቅርታ ጠይቋል፣ ከሂሳቡ ግን አልቀነሰም።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ስንት አስተናጋጅ እንደሚመጣና የትኛው ጠረጴዛ የማን እንደሆነ ውሉ ላይ አስጽፉ፣ እኛ የምግቡን ዝርዝር ብቻ ነው ያስጻፍነው። ወንድሜ ሚያዝያ ላይ ያገባል፣ ክትፎውንና የሙስሊም ቡፌውን ለነሱ ሰጥተናል፣ መስተንግዶውን ለሌላ።