የሚያታ ማርሽ ዘንግ፦ አጭሩን ከመግዛት በፊት ቡሹና ዘይቱ

ትንሿ ባለ ሁለት ወንበር ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ አሜሪካ ያላችሁ ሚያታ የምትሏት፣ ጃፓን ውስጥ መጀመሪያ ዩኖስ ሮድስተር ተብላ የተሸጠችው፣ በማርሽ አገባቧ ስሟ የተነሳ መኪና ናት። የማርሽ ዘንጓ እንደ ብዙዎቹ መኪኖች በኬብል ወይም በረጅም ብረት አማካይነት ሳይሆን በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ተቀምጦ ይሠራል። ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ደግሞ አንድ ረጅም የአሉሚኒየም ምሰሶ አጥብቆ ያያይዛቸዋል፤ ስለዚህ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ዘንጉ ብዙ አይንገዳገድም። ማዝዳዎች መኪናዋን ሲነድፉ የያዙት ሐሳብ «ጂንባ ኢታይ» ይባላል፤ ፈረሱና ፈረሰኛው አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ይህን ስሜት እጅ ላይ የሚያደርሰው ከመሪው ቀጥሎ ይህ ዘንግ ነው።

የመጀመሪያው ትውልድ በ1989 ወጣ፤ ሁለተኛው በ2005 አበቃ። የመጨረሻዋ እንኳ 20 ዓመት ደፍናለች። በዚህ ዕድሜ ዘንጉ የላላ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ማርሽ ገባ አልገባ የሚያሰኝ ሲሆን ባለቤቶች ቶሎ የሚሄዱበት መድኃኒት አጭር ዘንግ መግዛት ነው። እዚህ የምንገመግመው ያንን አጭር ዘንግ፣ የማዝዳን ማደሻ ዕቃዎችና ከባድ የማርሽ እጀታን ነው፤ የምንናገረውም በዋናነት ስለ ባለ 5 ማርሹ ካምቢዮ ነው። ፍርዳችንን ሳንደብቅ እንናገር፦ ገንዘባችሁ መጀመሪያ መዋል ያለበት ማደሻው ላይ ነው። ማደሻው ርካሽ ነው፤ ለውጡም ከሦስቱ ሁሉ ይበልጣል።

መኪናዋን ከመፍታታችሁ በፊት ጥፋቱ የዘንጉ መሆኑን አረጋግጡ። ሞተሩን አጥፉና ማርሾቹን ሁሉ አንድ በአንድ አስገቡ። ሞተሩ ጠፍቶ በቀላሉ እየገቡ ሲነሳ ግን የሚያስቸግሩ ከሆነ ዘንጉ ንጹሕ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እየለቀቀ አይደለም። በዚህች መኪና ላይ የታወቀው ጥፋተኛ ካምቢዮው ጎን ላይ ያለው የታችኛው የፍሪሲዮን ፓምፕ ነው። የጎማ ሽፋኑን ገለጥ ስታደርጉ ውስጡ በፍሬን ዘይት ከራሰ ፓምፑ ማፍሰስ ጀምሯል። ይህ ሳይጠገን የሚገዛ አጭር ዘንግ ችግሩን ያባብሰዋል። ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚዘል ከሆነ ደግሞ የሞተሩን መቀመጫ ጎማዎች እዩ። ሁለተኛ ማርሽ ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚንቋቋ ከሆነ ወደ ካምቢዮ ዘይቱ ሂዱ፤ 2 ሊትር ይይዛል፣ የውፍረት ደረጃው 75ደብሊው-90 የሚባለው ነው። ስትቀይሩት የመሙያውን ቡሎን ከማፍሰሻው በፊት ፍቱ። መሙያው አልፈታ ካለ ቢያንስ ዘይቱ ገና ውስጥ ነው፤ መኪናዋም ትሄዳለች።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ዘንጉ አሁንም እንደ ማንኪያ የሚያማስል ከሆነ ነገሩ ዘንጉ ውስጥ ነው።

ባለ 5 ማርሹ ካምቢዮ ላይ ዘንጉ የሚገባበት ቤት የራሱ ዘይት አለው፤ ከካምቢዮው ዘይት የተለየ ነው። ካምቢዮው ዘይት በተቀየረ ቁጥር ይህኛው አብሮ አይቀየርም፤ ብዙ ሜካኒኮችም መኖሩን አያውቁም። በዚህ ምክንያት ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ ያልተነካ ዘይት ያለባት መኪና ብርቅ አይደለችም፤ ሲከፈት ጥቁር ጭቃ ይገኛል ወይም ደርቆ ይገኛል። ዘንጉ ታች ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ አለችው፤ እሷ ላይ ኩባያ የመሰለ ናይለን ቡሽ ይለብሳል። ይህ ቡሽ ሲያልቅ ወይም ሲሰነጠቅ ብረት ከብረት ይጋጫል፤ ያ ነው ልልነቱንና ጫጫታውን የሚያመጣው። ከላይ ደግሞ ሁለት የጎማ ሽፋኖች አሉ። ትንሹ የዘንጉን ቤት ይዘጋል፤ ሲቀደድ ዘይት ወደ ላይ ይረጫል፣ አቧራ ወደ ታች ይገባል። ትልቁ የወለሉን ቀዳዳ ይሸፍናል፤ ሲቀደድ የካምቢዮና የጭስ ማውጫ ሙቀት ከነጫጫታው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የማርሹ አካባቢ የሚፋጅ ወይም የዘይት ሽታ ያለው ከሆነ ሳትፈቱም ጎማዎቹ ማለቃቸውን እወቁ።

የማደሻው ሥራ ከላይ፣ ከወንበር ላይ ሆኖ የሚሠራ ስለሆነ ክሪክ አያስፈልግም። የሚገዛው ናይለን ቡሽ፣ ሁለቱ ጎማዎችና የካምቢዮ ዘይት ነው። ከመሣሪያ የ10 ቁልፍ ከማስረዘሚያ ጋር፣ ካቻቢቴ፣ ስሪንጅ ከቀጭን ቱቦ ጋር፣ ረጅም አፍ ያለው ፒንሳና ብዙ ጨርቅ አዘጋጁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራው ሰው ሁለት ሰዓት ይበቃል። ካምቢዮው የቀዘቀዘ ይሁን፤ መኪናዋ ዜሮ ላይ ትሁን፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ ጎማዋ ላይ ታኮ ይደረግ።

እጀታውን ወደ ግራ አዙራችሁ አውጡት። የመካከለኛውን የፕላስቲክ ሣጥን ብሎኖች ፈትታችሁ አንሱት፤ በመጀመሪያው ትውልድ ላይ የመስኮት ማብሪያዎቹ እዚያው ሣጥን ላይ ስለሆኑ ሶኬታቸውን ሳትነቅሉ አትጎትቱ። ከሥሩ ትልቁን ጎማ የያዙ አራት ባለ 10 ቡሎኖች አሉ። እነሱን አንስታችሁ የዘንጉን ቤት ስታዩ እጃችሁን ግቱ፤ ዙሪያውን ሳታጸዱ አትክፈቱት። በ20 ዓመት የተጠራቀመ አሸዋ ልክ ሲከፈት የሚወድቀው ዘይቱ ውስጥ ነው። ካጸዳችሁ በኋላ ሦስቱን ባለ 10 ቡሎኖች ፍቱና ዘንጉን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት። የዘንጉ መታጠፊያ ወዴት እንደሚያይ ቀድማችሁ ምልክት አድርጉ ወይም ፎቶ አንሱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሁን ነው። ዘንጉ ሲወጣ ጫፉ ላይ ቡሽ ከሌለ ቡሹ አልጠፋም፤ ታች ሶኬቱ ውስጥ ቀርቷል፤ ብዙ ጊዜም ተሰባብሮ ነው የሚገኘው። ናይለን ስለሆነ ማግኔት አያወጣውም፤ በባትሪ መብራት እያያችሁ በፒንሳ ልቀሙት። ቁርጥራጮቹን ገጣጥማችሁ ሙሉ ኩባያ መሆኑን ሳታረጋግጡ አዲሱን አታስገቡ። አንድ ስባሪ ታች ከቀረ ዘንጉ እስከ መጨረሻው አይገባም፤ ገብቷል ብላችሁ ቡሎኑን ብታጠብቁ ቡሹ በመጀመሪያው ቀን ይሰነጠቃል። በዘንጉ ትልቅ ኳስ ላይ ያለችውን ሞገዳማ ሮንዴላም አትርሷት፤ ቀጭን ስለሆነች ከአሮጌው ጎማ ጋር ተጣብቃ ትጣላለች። እሷ ከሌለች የታደሰው ዘንግ ራሱ ይንጫጫል።

አሮጌውን ዘይት በስሪንጅ ምጠጡ፣ ታቹን በጨርቅ ጥረጉ፣ ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ገደማ አዲስ ዘይት ጨምሩ። ካምቢዮው ውስጥ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። ማዝዳ ጂኤል-4 እና ጂኤል-5 የሚባሉትን ሁለቱንም የማርሽ ዘይት ደረጃዎች ይፈቅዳል፤ የእኛ ምርጫ ግን የካምቢዮውን የነሐስ ቀለበቶች እንደማይጎዳ አምራቹ በግልጽ የጻፈበት ነው። አዲሱን ቡሽ በዘይት ቀብታችሁ የዘንጉ ጫፍ ላይ አልብሱት፣ ዘንጉን ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ፤ ሶኬቱ ውስጥ ሲቀመጥ እጅ ላይ ይታወቃል። ሦስቱ ቡሎኖች የሚገቡት አሉሚኒየም ውስጥ ነው፤ ከ8 እስከ 11 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል። በክንድ ሙሉ ኃይል የሚያጠብቅ ሰው ጥርሱን ነቅሎ ይወጣል፤ ያንን ማስተካከል ከዚህ ሥራ ሁሉ የበለጠ ያስወጣል። ሣጥኑን ከመመለሳችሁ በፊት ሞተሩ ጠፍቶ አምስቱንም ማርሾችና የኋላውን ሞክሩ።

ከዚህ በኋላ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ማርሽ ሲገባም እንደ በር መቀርቀሪያ ጠቅ ይላል። አብዛኛው ባለቤት እዚህ ቢቆም ደስ ይለናል፤ የዚህች መኪና የፋብሪካ ዘንግ ከመጀመሪያውም አጭር ነውና።

አሁን ወደ አጭሩ ዘንግ እንምጣ። ዘንጉ በትልቁ ኳሱ ላይ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል። ከዚህ ኳስ በላይ ያለው ርዝመት ከኳሱ በታች ላለው ሲካፈል የእጅን ጉዞ ይወስናል። ለምሳሌ ከላይ 200 ሚሊ ሜትር፣ ከታች 40 ቢሆን ጥምርታው 5 ነው፤ የታችኛውን 50 ብናደርገው 4 ይሆናል፤ የእጃችሁ ጉዞ በ20 በመቶ አጠረ። ግን የቀነሰው ጉዞ በጉልበት ይከፈላል፤ የሚያስፈልገው ኃይል በ25 በመቶ ይጨምራል። ጉዞውን በ40 በመቶ አሳጥራለሁ የሚል ዘንግ ወደ 67 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። ሻጮች የመጀመሪያውን ቁጥር በትልቁ ይጽፋሉ፤ ሁለተኛውን ግን አይጽፉም። ገዢው ሁለተኛውን አስልቶ ይሂድ። በእኛ ፍርድ ለመንገድ መኪና ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚያሳጥር ይበቃል።

ጉልበቱ የሚያርፈው ሲንክሮናይዘሩ ላይ ነው፤ ማርሹ ከመግባቱ በፊት ፍጥነቶቹን የሚያስተካክል የነሐስ ቀለበት ማለት ነው። ቀለበቱ ሥራውን የሚጨርስበት ጊዜ አልተለወጠም፤ እጃችሁ ግን ቶሎ ደርሷል። ስለዚህ በአጭር ዘንግ የሚያጣድፍ ነጂ ቀለበቱን በተለይ የሁለተኛ ማርሹን ይበላዋል። ከኳሱ በታች የረዘመው ዘንግ ወደ ጎን ያለውንም ርቀት ያጠባል፤ የማርሾቹ መስመሮች ይቀራረባሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ3 ወደ 4 ለመሄድ ወደ ኋላ ስትስቡ እጃችሁ ወደ ግራ ካዘነበለ የሚገባው 2 ነው። በባለ 5 ማርሹ ካምቢዮ ሁለተኛው 1.888፣ ሦስተኛው 1.330 ነው፤ በ3 ላይ 6,500 ዙር የነበረ ሞተር 2 ውስጥ ሲገባ ከ9,200 ዙር በላይ ይገደዳል። ሞተር የሚጎዳው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። አዲስ ዘንግ ካስገባችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት ሳትጣደፉ ንዱ፤ ከ3 ወደ 4 እጀታውን በጣት ጫፍ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት እንጂ በጡጫ አትጨብጡት።

ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። የፋብሪካው ዘንግ መሐሉ ላይ ንዝረት የሚውጥ ጎማ አለው፤ ከአንድ ወጥ ብረት የተሠሩት ግን የካምቢዮውን ጩኸት ሁሉ ወደ እጅና ወደ ጆሮ ያደርሳሉ። ለውድድር ሜዳ ይሁን፤ በየቀኑ ለሚነዳት ሰው ግን በሦስተኛው ቀን ያሰለቻል። ሁለተኛ፣ ከዘንጉ ጋር አዲስ ቡሽ አብሮ መምጣቱን አረጋግጡ። በአሮጌ ቡሽ ላይ የተተከለ አጭር ዘንግ ልልነቱን አያጠፋውም። ከገጠማችሁም በኋላ አንዱ ማርሽ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ቶሎ የሚቆም ከሆነ የረዘመው ጫፍ ታች እየነካ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ሆኖ መንዳት አይገባም፤ ግማሽ የገባ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጥ ዘሎ ይወጣል።

ከባድ እጀታ ላይ አጭር እንሁን፤ ጥሩ ነገር ነው። ክብደቱ የእጅን ግፊት ይዞ ይሄዳል፤ ቀለበቱ ሥራውን ሲጨርስ ማርሹ ራሱ ስቦ የገባ ይመስላል፤ ከአጭር ዘንግ ጋር ሲሆን የጨመረውን ጉልበት ያለዝበዋል። ጥርሱ ኤም10 በ1.25 (ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ ሜትር) መሆን አለበት። የሆንዳው ኤም10 በ1.5 ስለሆነ መጀመሪያ ሁለት ዙር ይገባና ይይዛል፤ አስገድዶ ማዞር የዘንጉን ጥርስ ያበላሻል። ጣሪያዋ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ለምትቆም መኪና ራቁት ብረት አትምረጡ፤ እጅ ያቃጥላል። ቆዳ የለበሰው ይሻላል።

ባለ 6 ማርሽ ያላችሁ (ከጃፓን ውጭ በ1999 ከ10ኛ ዓመት መታሰቢያዋ ጀምሮ የመጣው) ከላይ ያለውን የዘንግ ቤት ዘይት ልኬት አትከተሉ፤ ካምቢዮው ሌላ ነው፣ ዘንጉም አይለዋወጥም። ዕቃ ስታዙ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን የማርሹን ቁጥር ጻፉ፤ እጀታው ላይ ያለውን ቁጥር ግን አትመኑ፤ ቀድሞ የነበረው ባለቤት ቀይሮት ሊሆን ይችላል፤ ማርሾቹን ራሳችሁ አስገብታችሁ ቁጠሩ።